ከአጋፋሪ እስከ ኢቨንት ኦርጋናይዘር

በ1880 ዓ.ም. መባቻ እንጦጦ ማርያም ተሠርታ ስትመረቅ፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ለቀናት የዘለቀ ድግስ ደገሱ። ምኒልክ ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ አዲስ አበባም ስም ከወጣላት ብዙ አልቆየችም። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ገብረ ሥላሴ ስለዚህ ድግስ የተዉልን ጽሑፍ ከልማዱ ወጣ ያለ ነው። የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ዘመቻና ሹመት፣ ምርኮና ሽልማት ነው። እሳቸው ግን የወጡን ዓይነትና የመጠጡን ብዛት ሳይቀር ጻፉ። ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ማካንም በመጽሐፉ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለዚሁ ለጣይቱ ድግስ ነው። ይገባዋልም። ከሰሜን የመጡት እመቤት በሸዋ ምድር የጎንደርን ማዕድ ሲዘረጉ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥና ማን ቀድሞ እንደሚጎርስ ሲወስኑ፣ የሚሠሩት የመንግሥት ሥራ ነበር።

ዛሬ «ኢቨንት» የምንለው ሥራ በአገራችን ትናንት የተጀመረ አዲስ ሙያ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ሙያው ረጅም ዕድሜ፣ የራሱ ሹማምንትና የራሱ ቋንቋ ያለው ነው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ግብር እንዴት እንደሚዘጋጅና ምን ምን እንደሚቀርብበት የሚዘረዝር «ሥርዓተ ግብር» የተባለ ጥንታዊ ጽሑፍ እንኳ አለን። ከዘመን ዘመን የተለዋወጠው ድግሱን ማን ይሸከመዋል የሚለው ነገር ነው፤ ከእርሱም ጋር የባለሙያዎቹ ስም።

የጣይቱን ድግስ የመሰለ ግብዣ ለማሰናዳት ወራት ያስፈልጋል። ማሩ ከየአገሩ በእንስራ ይገባል። ጌሾው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ በየጋኑ ይጠነሰሳል፤ ጠጁም እስኪበስል ሳምንታት ይወስዳል። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ጤፉ የሚፈጨው በእጅ ወፍጮ ነው፤ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው ሌሊቱን ሙሉ የሚያድሩ ሴቶች ይፈጩታል። ውኃውም እንጨቱም በሰው ጀርባ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከየት ይወጣል ቢባል መልሱ መሬት ነው። «ማድ ቤት» የሚባል መሬት ነበረ፤ ምርቱ በቀጥታ ለቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት የሚገባ፣ ገበሬውም ለዚያው የሚያርስበት። ግብር የሚለው ቃል ገበሬው የሚከፍለውንም ንጉሡ የሚያበላውንም መጥራቱ አይገርምም፤ ያው እህልና ያው ማር በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር ይወጣ ነበርና።

የግብሩ ሹማምንት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። «አዛዥ» የወጥ ቤቱን፣ የጠጅ ቤቱንና የእንጀራ ቤቱን ሥራ ከላይ ሆኖ ይመራል። «በጅሮንድ» ግምጃ ቤቱን ይይዛል፤ ዋንጫው፣ ምንጣፉ፣ ግምጃው የሚወጣውም የሚገባውም በእርሱ እጅ ነው። «እልፍኝ አስከልካይ» ወደ ንጉሡ ክፍል የሚገባውን ይመርጣል። «ሊጋባ» ባለጉዳይንና እንግዳን ወደ ፊት ያቀርባል። «አጋፋሪ» ደጁ ላይ ቆሞ ሰዉን እንደ ማዕረጉ ያስገባል፣ ቦታ ያስይዛል፣ ሲያበቃም ያስወጣል። ከእነርሱ በታች «አሳላፊዎች» አሉ፤ ጠጅ አሳላፊ፣ እንጀራ አሳላፊ፣ ወጥ አሳላፊ። ከሁሉ በታች ደግሞ ስም ያልተሰጣቸው አሉ። ፈጪዎቹ፣ ውኃ ቀጂዎቹ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ዜና መዋዕሉ የወጡን ዓይነት ሲቆጥር ወጡን የሠራችውን አልቆጠረም። ይህ ጉድለት በዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይከተለናል።

ከጣይቱ ድግስ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ክፉ ቀን ገባ። የከብት በሽታ ከምጽዋ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ፤ በሬ አለቀ፣ እርሻ ቆመ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ረሃቡ ሰውን በየመንገዱ ጣለ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም በዚህ የረሃብ ዘመን መካከል ነበር።

ከአድዋ ድል በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትልቁ የግብር አዳራሽ ተሠራ። የውጭ አገር እንግዶች ደጋግመው የጻፉት ስለዚህ አዳራሽ ነው፤ እሑድና በታላላቅ በዓላት በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላበት ነበር። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ከጥቂት ታላላቆች ጋር ይመገባሉ፤ ሲበሉ ዓይን አያያቸውም። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ የጦር አለቆቹ እንደ ማዕረጋቸው ይቀመጣሉ። እነርሱ ሲነሡ ተከታዮቹ ይገባሉ፤ ወታደሩ በብዛት የሚገባው በስተመጨረሻ ነው። ብርንዶው በእንጨት ተንጠልጥሎ በሁለት ሰው ትከሻ ሲዞር፣ ተመጋቢው በቢላው የወደደውን ይቆርጣል። ጠጁ ለታላላቁ በብርሌ፣ ለወታደሩ በቀንድ ዋንጫ ይቀዳል። አዝማሪው ያዜማል፣ ጀግናው ይፎክራል።

አጋፋሪው በዚህ ሁሉ መካከል የሚሠራውን ልብ ይሏል። አንድ ግራዝማች ከአንድ ባላምባራስ በታች ቢቀመጥ ቅሬታው ከአዳራሹ ወጥቶ አገር ይበጠብጥ ነበር። ማን ከዘመቻ እንደተመለሰ፣ ማን እንደተሻረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ አውቆ፣ ሺህ ሰው በሰዓታት ውስጥ አስገብቶ የማስወጣት ጥበብ ነው። ይህን ሁሉ የሚይዘው በቃሉ ነው፤ የእንግዳ ዝርዝር በወረቀት አልነበረውም። በእጁ በትር፣ በአፉ ትእዛዝ። ከደጅ የቀረ ሰው ስም ደግሞ ማታ ከተጋባዦቹ ስም ይልቅ ይነሣ ነበር። ስለ ድግስ ሥራ ካሰብኩባቸው ነገሮች ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ድግስን ታሪክ የሚያስታውሰው በገባው ብቻ ሳይሆን በቀረውም ነው።

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ አዛዥ መታፈሪያ የግቢ ሚኒስትር ሆኑ። ቤተ መንግሥቱን የማስተዳደርና ግብሩን የማሰናዳት ሥራ ከጦርና ከፍርድ፣ ከእርሻና ከውጭ ጉዳይ ጎን ቆሞ የሚኒስትር ወንበር አገኘ። በእነዚያው ዓመታት ጣይቱ የከተማይቱን የመጀመሪያ ሆቴል ከፈቱ፤ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው። ምግብ በገንዘብ መሸጥ መኳንንቱን ግራ አጋብቷቸው እንደነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ገብተው በልተውና ከፍለው ማሳየት እንዳስፈለጋቸው በአፍ የሚነገር ወግ አለ። ግብር በለመደ አገር አንድ ሰው ተመግቦ ሲያበቃ ሒሳብ ሲቀርብለት የሚሰማው ነገር ቀላል አልነበረም። እንግዳና ደንበኛ የሚባሉት ሁለት ሰዎች በዚያች ቤት ውስጥ ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታላቅ ዝግጅት የጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዘውዳቸው የጠሩት የራሳቸውን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ዓለምን ነበር። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከኢጣሊያ የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ መጡ። ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርሰው ባቡር እንግዶቹን አመላለሰ። ለየመልእክተኛው ማረፊያ የሚሆን ሆቴል በበቂ ስላልነበረ የመኳንንቱ ቤቶች ተለቀው ተዘጋጁ። መንገድ ተጠገነ፣ የድል በር ተተከለ፣ የኤሌክትሪክ መብራት ተዘረጋ፣ ለፖሊሶች አዲስ የደንብ ልብስ ተሰፋ። የጀርመኑ ቄሣር የነበረ ሠረገላ ተገዝቶ መጣ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱና ቅዳሴው ሌሊቱን ሲደርስ አድሮ፣ ጠዋት እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን በተሠራው ሰፊ ድንኳን ውስጥ ሥርዓቱን ተከታተሉ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ወጣቱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ተገኝቷል፤ ደራሲው ኢቭሊን ዎህ ደግሞ ጋዜጠኛ ሆኖ መጥቶ ያየውን ጽፏል።

ሙዚቃውን የተጫወቱት «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባዎች ናቸው። ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም አስመጥተዋቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ሆነው ነበር። ብሔራዊ መዝሙሩን ያቀናበረውም ናልባንዲያን ነው።

በዚህ በዓል ሁለት ዓይነት መስተንግዶ ጎን ለጎን ቆመ። ለውጭ እንግዶች ወንበርና ጠረጴዛ፣ ሹካና ቢላዋ፣ ሻምፓኝ፣ በወረቀት የታተመ ፕሮግራም ነበረ። ለሠራዊቱና ለሕዝቡ ደግሞ ብርንዶና ጠጅ፣ እንደ አባቶቹ ወግ። አጋፋሪው የባላባቱን ማዕረግ በቃሉ ያውቃል፤ የኡዲኔ ልዑል ከማርሻሉ በፊት ይቀመጥ ወይስ በኋላ የሚለውን ግን ከሌጋሲዮኖቹ ጋር ተጻጽፎ መወሰን ነበረበት። «ፕሮቶኮል» የሚለው የውጭ ቃል በአገራችን ሥር የሰደደው በዚህ ዓይነት ችግር ምክንያት ነው። የእንግዳ ማዕረግ ከአገር ድንበር ሲሻገር የቃል እውቀት አይበቃውም። በሌላ በኩል ጎስቋላው ሰፈር ከእንግዶቹ ዓይን እንዲሠወር በአጥር ተጋርዶ ነበር። ይህ የማጠር ነገር እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲደገም አይተናል።

ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ የተጠራው ስብሰባ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አገሩን የወረረው የኢጣሊያ መንግሥት እንደራሴ ግራዚያኒ የኢጣሊያን ልዑል መወለድ ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ የአዲስ አበባን ሕዝብ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሰበሰበ። ልዑል ሲወለድ ለድኻ መመጽወት የአገሩ ባህል መሆኑን ያውቃል፤ ጥሪውን ያስተላለፈው በሕዝቡ በራሱ ወግ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ ወታደሮቹ መጀመሪያ የተኮሱት ለመቀበል በተሰለፉት ዓይነ ስውራን፣ አካል ጉዳተኞችና ድሆች ላይ ነበር። ግድያው በከተማው ሦስት ቀን ቀጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያህል አድርሶታል። ተጠርቶ የመጣን ሰው መግደል በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ከነውር በላይ ነው፤ ስድስት ኪሎ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት በግብዣ የተጠሩ ሰዎች ሐውልት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከነጻነት በኋላ የከተማው ሰው ድግሱን በራሱ እጅ ያዘ። ይህን ስል እድርን ማለቴ ነው። ገጠር ላይ አንድ ሰው ቢሞት ወይም ልጁን ቢድር ጎረቤቱ ዳስ ይጥላል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እህል ያዋጣል። ከተማ የገባ ሰው ግን ዘመዱ ሩቅ ነው፤ ጎረቤቱም ከሌላ አገር የመጣ። እድር ይህን ክፍተት ሞላ። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ሞት ሲሆን ጥሩምባው ማለዳ ይነፋል፣ ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል። ከዓመት ዓመት የተጠራቀመው ገንዘብ ወደ ዕቃ ይለወጣል፦ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጎላ፣ ሳህንና ብርጭቆ፣ ሁሉም በቀለም ምልክት ተደርጎበት በዕቃ ቤት ይቀመጣል። ለሠርግም ይወጣል። ዕቃ ያዡ ዕቃውን አስረክቦ ሲያወጣና ቆጥሮ ሲመልስ ያየ ሰው፣ የበጅሮንድን ሥራ እዚህ ሰፈር ውስጥ ያገኘዋል። እኔ እድርን በአገራችን ከተፈጠሩት የዝግጅት ተቋማት ሁሉ የላቀው ብዬ እቆጥረዋለሁ። ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ውል፣ በሰዓታት ውስጥ መቶ ሰው የሚያስቀምጥና የሚያበላ ሌላ ማን አለ? ወጥ ሠሪዎቹ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፣ ደመወዝ የላቸውም።

ቤተ መንግሥቱ በበኩሉ ዝግጅቱን ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሳደጉን ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. የንግሡ 25ኛ ዓመት ሲከበር ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ተሠሩ፤ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የታወጀው በዚያው ሰሞን ነው። በዓሉ ሲያልፍ ሕንጻዎቹ ቀሩ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣሊያዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ የሆነው አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ግንባታው 18 ወር ብቻ ፈጅቷል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይዞ መግቢያው ላይ ቆመ።

ግንቦት 1955 ዓ.ም. ከ30 በላይ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት በዚያ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ መሪዎቹን ለማምጣት፣ የተከፋፈሉትን ቡድኖች ለማስማማት ከዋና ከተማ ወደ ዋና ከተማ የተመላለሱበት ጉባኤ ነው። ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚርያም ማኬባም አዲስ አበባ መጥታ ለመሪዎቹ ዘፍናለች። በዲፕሎማሲ ወግ አገሮች የሚቀመጡት በስማቸው ፊደል ተራ ነው፤ ትልቁ ከትንሹ፣ ንጉሡ ከፕሬዚዳንቱ አይቀድምም። በማዕረግ ሲያስቀምጥ ለኖረ ቤተ መንግሥት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አዲስ አበባ የጉባኤ ከተማ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። አስተርጓሚ፣ የክብር ዘብ፣ የአበባ ጉንጉን፣ የክብር መዝገብ፣ የጋዜጣዊ መግለጫ ክፍል ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛው የዕለት ቋንቋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሒልተን ተከፈተ፤ የሆቴልና የመስተንግዶ ሙያ የሚያስተምረው ማሠልጠኛም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ከሆቴሎቹ ጋር «ቡፌ» መጣ። እንግዳው ሳህን ይዞ ተሰልፎ ለራሱ ሲያነሣ፣ አሳላፊ የሚለው ስም ወደ ዳር ተገፋ፤ «አስተናጋጅ» ቦታውን ያዘ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በአዲስ ዓመት በዓል፣ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ አንድ ፊልም እንዲያይ ተደረገ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያነሣው ፊልም ነው። የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ በመካከሉ የቤተ መንግሥቱን ድግሶች ቀጥሎበት ነበር፤ የሻምፓኙንና የኬኩን፣ የአለባበሱን። አንድ ጊዜ ገበታው፣ አንድ ጊዜ የሚሞተው ሕፃን ይታያል። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለዘውዱ ክብር ሆኖ ሲዘረጋ የኖረው ገበታ የክስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ይህን የሠራው መንግሥት በአሥር ዓመቱ ራሱ ያንኑ አደረገ። ጳጉሜ 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ፤ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ተከበረ። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ከተማይቱን በድል በሮች፣ በመፈክርና በቀይ ሰንደቅ አስጌጡ። ትግላችን ሐውልት ተመረቀ። ሰልፈኛው ለሳምንታት ሲለማመድ ከረመ። በዚያው ጊዜ በኮረምና በመቀሌ ሰው በየቀኑ ይሞት ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ስለ በዓሉና ስለ ረሃቡ በኋላ በስደት ሆነው ጽፈዋል። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ሲተላለፍ ዓለም የመስከረሙን ሰልፍ ረስቶ የኮረምን ሜዳ አየ። ከደጅ የቀረው ሰው ያን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር።

በዚያው እ.ኤ.አ. 1984 በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ስደተኞች የስፖርት ፌዴሬሽናቸውን መሠረቱ። በየዓመቱ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር ቀስ በቀስ ከኳስ በላይ ሆነ። ለዓመታት ያልተያዩ ዘመዳሞችና የትምህርት ቤት ጓደኞች የሚገናኙበት፣ ሜዳው ዙሪያ እንጀራና ጥብስ የሚሸጥበት፣ ማታ ማታ የአዲስ አበባ ዘፋኞች መድረክ የሚወጡበት ጉባኤ ነው። ስታዲየም መከራየት፣ ኢንሹራንስ መግባት፣ የሆቴል ክፍል በጅምላ መያዝ፣ ስፖንሰር መፈለግ፣ ትኬት ማሳተም፤ ይህን ሁሉ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ተምረው አወቁት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ሙያው ለግል ሥራ በሩን ከፈተ። ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም. ተከፈተ። የሠርግ አዳራሾች በየሰፈሩ በቀሉ። ዳሱ ቀረ፤ ድንኳኑም ለለቅሶና አቅም ላነሰው ቤት ተተወ። «ዲኮር»፣ «ኬተሪንግ»፣ «ዲጄ»፣ «ሳውንድ ሲስተም» የሚሉ ቃላት ከሰው አፍ ገቡ፤ የሠርጉን ጥሪ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያደርሰው ጠሪ በታተመ ካርድ ተተካ። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥርቶት፣ የቀድሞው እንግሊዛዊ የማራቶን ሯጭ ሪቻርድ ኔሩርካር ያቀናጀው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው አሳተፈ። መንገድ ማስዘጋት፣ ውኃ ማደያ፣ ካኔቴራና ቁጥር ማደል፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፤ ሁሉም በዕቅድ የተጻፈ፣ ሁሉም ኃላፊ ያለው ነበር። ወጣቱ ትውልድ «ኢቨንት» የሚለውን ቃል ሲናገር በዓይነ ልቡናው የሚያየው አንዱ ሥዕል የእሑድ ጠዋቱ መስቀል አደባባይ ይመስለኛል። በዚያ ሩጫ ሚኒስትሩም ሊስትሮውም ያው ካኔቴራ ይለብሳሉ።

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ በዓል መጣ። ቦሌ አየር ማረፊያ አጠገብ ሚሌኒየም አዳራሽ ለዚሁ ተብሎ ተሠራ፤ ብላክ አይድ ፒስ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድንም መጥቶ ተጫወተ። ከዚያ ወዲያ ትልልቅ ኮንሰርቶች፣ ባዛሮችና ኤግዚቢሽኖች ቋሚ ቤት አገኙ፤ በየመግቢያው «ቪ.አይ.ፒ» የሚል ሌላ በር ተከፈተ። የማዕረግ ተራው በትኬት ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት የጥምቀት ወጣቶች ከታቦቱ ፊት እየሮጡ ምንጣፍ የማንጠፍና የመጠቅለል አገልግሎት ጀመሩ። ገንዘብ አይከፈላቸውም፤ ቅልጥፍናቸውን ግን የትኛውም ድርጅት ቢቀጥረው ይመኛል።

ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት በምኒልክ የግብር አዳራሽ ተካሄደ። የአንዱ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ገቢው ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳር ልማት። ወታደር ተራውን ጠብቆ በነጻ ይበላበት የነበረው ቤት ለሕዝብ ሥራ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆነ። ይህን በመጥፎነት አላነሣውም፤ ገንዘብ ያለው ለከተማው ቢያዋጣ ደግ ነው። ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የገበታ ትርጉም ከመስጠት ወደ መሸጥ እንዴት እንደ ተጓዘ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ዓመት ሳይሞላ ሁሉም በሮች ተዘጉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በኮሮና ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ሚሌኒየም አዳራሽ እስከ 1,000 አልጋ የሚይዝ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ሠርግ ተራዘመ፣ ኮንሰርት ቀረ፣ እድሮች ድንኳን መትከል አቆሙ፤ ሟች በጥቂት ሰው ተሸኘ። ድርጅት ያላቸው ዝግጅት አቅራቢዎች ያወሩትን ኪሳራ በመገናኛ ብዙኃን ሰምተናል። ያልሰማነው የወጥ ሠሪዎቹን ነው፤ ለሠርግ በቀን የሚጠሩ፣ ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያድሩ፣ ጠዋት ዶሮ የሚገነጥሉ ሴቶችን። ውል የላቸውም፣ በማንም መዝገብ አልተጻፉም፣ ድጎማ ቢመጣም በምን ስም ይቀበሉታል? ድንኳን ጣዮቹና ወንበር ተሸካሚዎቹም እንዲሁ። በ2013 ዓ.ም. ጥር፣ በሰሜን ጦርነት እየነደደ፣ አዲስ አበባ ላይ የሠርጉ ወቅት ጭንብል አጥልቆም ቢሆን ተመለሰ፤ የወጥ ሠሪዎቹ ስልክ እንደገና ጠራ፣ ሽንኩርቱና በርበሬውም ተራገፈላቸው። የሚከፈላቸው ያኔም በቀን ነው፤ ከድግሱ ማግስት፣ ዕቃው ታጥቦ ከተቆጠረ በኋላ።